ቦት ጫማ አድርጎ የሚተኛ የለም

ግድግዳው በእርጥበት ማላብ በጀመረበት ሰሞን ሳውፋን ከሥራ ስትመለስ ባሏን መኝታ ቤታቸው ወለል ላይ ተንበርክኮ አገኘችው። ሌላ ሴት ብትሆን ይጸልያል ብላ ታልፈው ነበር። ሳውፋን ግን ሆይታክን ታውቀዋለች። በጆሮ ማጽጃ ጥጥ የአንድ ጠላቂ ዋናተኛ አሻንጉሊት ቦት ጫማ ላይ ቫዝሊን እየቀባ ነበር። የምላሱን ጫፍ አውጥቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ጥጡን በጎማው እጥፋት ሁሉ እያሽከረከረ ይቀባል። ሲጨርስ አፍንጫውን አስጠግቶ ያሸተዋል። መቀባቱንስ ለምዳዋለች፤ ማሽተቱ ነው የሚያቅለሸልሻት።

ቫዝሊኑ የእናቱ ነው። እማማ ዩክላን ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ ደም እስከማውጣት ስለደረሰ ማታ ማታ የሚቀቡት ነበር።

"የእማማ አይደለም እንዴ?" አለችው።

"ትንሽ ነው የወሰድኩት።"

"ትናንት አልቆባቸው በምግብ ዘይት ነው ያሹት።"

"ለተረከዝ ምን አለበት፣ ዘይትም ያው ነው። ይሄ እኮ ጎማ ነው ሳውፋን። ጎማ ይሰነጠቃል።"

ተረከዝም ይሰነጠቃል ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ከሆይታክ ጋር መከራከር ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው።

ቤታቸው ሻም ሹይ ፖ በሚባል ሰፈር አንድ ያረጀ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍልና ሳሎን ነው፤ ያ ሳሎን ከተባለ። በአንዱ ክፍል ባልና ሚስት፣ በሌላው እናት ይተኛሉ ማለት ለወጉ ነው እንጂ፣ ባልና ሚስት የሚተኙት በሰልፍ በቆሙ ሳጥኖች መካከል ነበር። አልጋው ሥር ሳጥን፣ ቁምሳጥኑ ላይ ሳጥን፣ የሳውፋን ልብስ መስቀያ በነበረበት ቦታም ሳጥን። በየሳጥኑ አንድ ክንድ የማይሞላ ወታደር፣ ጠፈርተኛ ወይም ጠላቂ አለ፤ ሁሉም የጎማ ቦት ያደረጉ፣ የጎማ ጓንት ያጠለቁ። አሻንጉሊት ካሏቸው ሆይታክ ይቆጣል። "ምስል" ነው የሚባሉት። ምስል ደግሞ ከሳጥኑ አይወጣም። የወጣ ቀን አዲስነቱ ያከትማል፣ ከመንደር ልጅ መጫወቻ አይለይም። ጓደኞቹ ሲመጡ ሳጥን ለሳጥን እየተቀባበሉ ይደነቃሉ፤ ሻያቸውን ጠጥተው፣ አንዱም ውስጡን ሳያይ ይሄዳል። ሳውፋን ከኩሽና ሆና ስታያቸው የሙሽራ መጋረጃ እያዩ እልል የሚሉ ሰዎች ይመስሏታል።

ያለፈው ዓመት እርጥበት ሳጥኖቹን ባበላሸበት ጊዜ ሆይታክ አንድ ትልቅ ዘመቻ አደረገ። እያንዳንዱን ምስል ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ እየማለና እየተገዘተ፣ ከሳጥኑ አውጥቶ ጎማ የተባለውን ሁሉ በቫዝሊን ቀባ፤ ከዚያ በስስ ፕላስቲክ ደጋግሞ ጠቅልሎ፣ አየር እንዳይገባ ጫፉን በሻማ አቅልጦ ዘጋና ወደ ሳጥኑ መለሰው። ጠላቂውን ብቻ ለናሙና ብሎ መስታወት ውስጥ ተወው። አሁን የተሰነጠቀው የዚያ የጠላቂው ቦት ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ላይ፣ ፀጉር የምታህል መስመር። ሆይታክ በዚያች መስመር ምክንያት እራት አልበላም።

"ዪፕ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?" አለ ጥጡን ሳይጥል። ዪፕ ሞንግ ኮክ ውስጥ በጠባብ ሱቅ እንዲህ ያሉትን የሚሸጥ ጓደኛው ነው። "ጨለማ፣ ቅዝቃዜ፣ ደረቅ አየር። እርጥበት የሚመጥ ማሽን ቀንና ሌሊት የሚሠራበት ክፍል ያስፈልጋቸዋል።"

"ክፍል ከየት ይመጣል?"

ሆይታክ ግድግዳውን አየ። ከግድግዳው ማዶ የእናቱ ክፍል ነው።

"የእማ ክፍል ፀሐይ አይገባውም" አለ። "ለሰው ጤና ጥሩ አይደለም እኮ፣ ስታስቢው። ለምስል ግን አንደኛ ነው።"

"እማማስ?"

"ዩን ሎንግ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ አልጋ ተገኝቶላታል። ነርስ አለ፣ እኩዮቿ አሉ፣ ማጆንግ ይጫወታሉ። እሁድ ከሰዓት መኪና ይልካሉ።"

"ተገኝቶላታል? ሳይፈለግ ነው የተገኘው?"

"አንቺ ንገሪያት" አለ። "አንቺን ትሰማሻለች። እኔ ከነገርኳት ትከፋለች።"

ይህን ሲል እንኳ ጥጡ ከእጁ አልወረደም። ሳውፋን ምንም ሳትነካ ሄዳ እጇን ታጠበች፤ ደግማም በሳሙና ታጠበች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። እማማ ዩክላን ግን የወለዱት አንድ ብቻ ነውና የሚያማርጡት ሌላ ቀለም አልነበራቸውም።

እሷም ብትሆን አይሆንም አላለችም። ይህን ተራኪው ሊደብቅላት አይችልም። ደክሟት ነበር፣ ፀብም አልፈለገችም፣ "እስቲ ይሁን" የምትባል ሰነፍ ቃል በሆዷ ይዛ ወደ ኩሽና ገባች። እማማ ዩክላን በርጩማ ላይ ተቀምጠው የጎመኑን አገዳ እየላጡ ነበር።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ..."

"ግድግዳው ስስ ነው ልጄ" አሉ ቀና ሳይሉ። "እዚያ መሳቢያ ይሰጣሉ? ቁልፍ ያለው?"

"መሳቢያ?"

"ለሱ ነዋ። የሰው እጅ በዝቶ እንዳያስቸግረው።"

"እሱ" ማለታቸው ባላቸው ነው። ማንሺንግ ዕድሜውን ሙሉ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ጓዶቹ አዋጥተው፣ ኩን ቶንግ ውስጥ ላለ ሠሪ ፎቶውን ሰጥተው፣ በሱ መልክ አንድ ምስል አሠሩለት። ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር፣ ሊስቅ ሲል ወደ ግራ የሚያጋድለው አፉ ሳይቀር። ካፖርቱ፣ የጎማ ቦቱ፣ የጎማ ጓንቱ፣ ቱቦ ያለው የጭስ ጭንብሉ። በዓለም ላይ ሌላ የለውም። ማንሺንግ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ የቀብሩ ዕለት ማታ እማማ ዩክላን የኩሽና መቀስ አንስተው ሳጥኑን ቀደው ባላቸውን አወጡት፤ ሳጥኑን ከዓሣ አጥንት ጋር ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት።

ሆይታክ ያን ማታ የጮኸውን ጩኸት ለአባቱ ሬሳ አልጮኸም። "ሳጥን የሌለው ምስል በድን ነው" አለ። ከዚያ ወዲያ ያን አሻንጉሊት ዞር ብሎ አላየውም።

እናቱ ግን በየቀኑ ያዩታል። መጀመሪያ ያደረጉት ቦቱን ማውለቅ ነው። በዚያ ቤት ጫማ ከበር አያልፍም። ማንሺንግ ከእሳት ሲመለስ ጥላሸቱን ይዞ መግባት ይወድ ነበርና ትዳራቸው በሙሉ በዚህ ጭቅጭቅ ያለፈ ነው ማለት ይቻላል። "ቤቱ ገብቶ ቦት ምን ያደርግለታል?" ይላሉ። ጭንብሉንም ፊቱ ላይ አይተዉትም፤ "በገዛ ቤቱ ምን ጭስ አለ?" ቦቱ ውስጥ ለስላሳ ወረቀት ይጠቀጥቁና፣ ለሙቀት ሽፍታ የሚነሰነሰውን ነጭ ፓውደር በጣታቸው ጫፍ አሸት ያደርጉታል። ጓንቱን እንደዚያው፣ ጭንብሉን እንደዚያው፤ ሁሉንም ለየብቻ በወረቀት። ባላቸውን ባዶ እግሩን መሀረብ ላይ ያስተኙና ሁሉንም በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖሩታል፤ ክዳኑን ግን ጨርሰው አይገጥሙትም፣ እንዳይታፈን። ቦቱን የሚያደርገው ለሙታን መታሰቢያ ቀን፣ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ወደተቀመጠበት ቦታ ይዘውት ሲሄዱ ነው። ሲመለሱ በር ላይ እሳቸውም ያወልቃሉ፣ እሱም ያወልቃል።

ሳውፋን ይህን ሁሉ ታውቀዋለች። የአሮጊት ጨዋታ ነው ብላ ፈገግ ትል ነበር።

እሁድ ዪፕ ሊያግዝ መጣ። ወፍራም፣ ላብ የማያጣው፣ ደግ ሰው ነው። በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ አውራ ጣቱ ከካልሲው ወጥቶ ታየና አፍሮ ሌላውን እግሩን ደረበበት። ሆይታክ ግን ዛሬ ጫማውን አላወለቀም። ለምስሎቹ የገዛቸውን ባለመስታወት ቁምሳጥኖች ከኮሪደሩ እየተሸከመ ሲገባ ሲወጣ፣ ከመንገድ ያመጣው ጥቁር ጭቃ ከበሩ እስከ እናቱ አልጋ ድረስ ታተመ። እማማ ዩክላን ሻንጣቸውን በክፍላቸው በር አጠገብ አቁመው፣ የታጠፈ ሹራባቸውን ከላዩ አድርገው፣ ቆርቆሯቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው ሳሎን ተቀምጠዋል። የጫማውን ዱካ አዩት።

"አልጋውን አፍርሰን እናውጣው?" አለ ዪፕ ዝግ ባለ ድምፅ።

"መጀመሪያ ምስሎቹን" አለ ሆይታክ። "በስንት ጊዜያቸው ይተንፍሱ። በአዲሱ ክፍል እንደ ንጉሥ ነው የሚቆሙት።"

የመጀመሪያውን ሳጥን እናቱ ክፍል ውስጥ ከፍቶ ፕላስቲኩን በምላጭ ሰነጠቀው።

ቀድሞ የወጣው ጠረኑ ነው። ሳውፋን ኩሽና ውስጥ ሆና ጋዝ የፈሰሰ መሰላት፤ ቀጥሎ ዓሣ የበሰበሰ መሰላት። ስትመጣ ሆይታክ በሁለት እጁ የያዘው ጠፈርተኛ እግር አልነበረውም። ነበረው፤ ግን የቱ ቦት የቱ እግር እንደሆነ አይለይም። ጎማው አብጦ፣ ወዝቶ፣ ቡናማ ዝልግልግ ሆኖ እስከ ጉልበቱ ወጥቶበታል። ጓንቱን ሲነካው እንደ ታኘከ ማስቲካ ተሳበ፤ ጣቶቹም አብረው ተሳቡ። የአንገቱ ጎማ አገጩን በልቶት ቀለሙ በደረቱ ላይ ወርዷል። ሆይታክ ጣቱን ሊያላቅቅ ሲል አልላቀቅ አለው። ከዚያም ሳያይ እጁን ዘርግቶ አንድ ጨርቅ አነሳና ያን ዝልግልግ ጠረገበት። የእናቱ ሹራብ ነበር።

"ሌላውን ክፈት" አለ ዪፕ።

ሌላውን ከፈተ። ሌላውም ያው ነው። ወታደሩ፣ አብራሪው፣ ያ ከጃፓን አስመጥቶ አንድ ሳምንት ሙሉ የፎከረበት ማዕድን ቆፋሪ፤ ሁሉም በየፕላስቲኩ ውስጥ ከነቦቱ በስብሷል። አንዳንዱ ላይ ጎማው ደርቆ እንደ ቅርፊት ይረግፋል፣ አንዳንዱ ላይ ይንጠባጠባል። ሳውፋን አፏን በመዳፏ ይዛ መስኮቱን ከፈተች። ከውጭ የገባው የመንገዱ አየር፣ የቆሻሻ መኪና ያለፈበት አየር፣ ከቤቱ ውስጥ የተሻለ ነበር።

"ምንድን ነው የቀባሃቸው?" አለ ዪፕ።

"ቫዝሊን።"

"ጎማን? በቫዝሊን?" ዪፕ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። "አንተ ሰውዬ፣ ጎማን የሚበላው እኮ እሱ ነው። ከዚያ ደግሞ አፈንከው። ጎማ የሚተፋው ነገር አለ፤ መውጫ ስትነሳው የተፋውን መልሶ ይጠጣል። ከነቦቱ ጠቅልለህ... ቆይ፣ በመሃል ከፍተህ አላየሃቸውም?"

"ማን ይከፍታል? አንተ ትከፍታለህ?"

ዪፕ ሱቁ ውስጥ የተደረደሩት ሳጥኖች ትዝ አሉት መሰል ፊቱ ገረጣ።

እማማ ዩክላን ቆርቆሯቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ወለሉ ላይ የተዘረሩትን አንድ በአንድ አዩና እንደ ማዘን አሉ።

"እነዚህን ሰዎች ሁሉ ቦት እንዳደረጉ ነው ያስተኛሃቸው?"

"እማ፣ አሁን ተይኝ።"

"እትዬ፣ ያ የእሳት አደጋው..." አለ ዪፕ ካልሲውን ረስቶ ብድግ እያለ። "የርስዎስ እንዴት ሆነ?"

እሳቸው ክዳኑን ገፋ አደረጉት። ማንሺንግ መሀረቡ ላይ ባዶ እግሩን ተጋድሟል። አፉ ወደ ግራ አጋድሏል። ዪፕ አንዱን የወረቀት ጥቅል በፈቃዳቸው ፈታው፤ ቦቱ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ትናንት የተሠራ ይመስላል። አጠፍ አድርጎ ለቀቀው፤ ተመልሶ ቆመ።

"ማን አስተማርዎት እትዬ?"

"ምኑን?"

"ይሄን፣ ለየብቻ ማስቀመጡን፣ ፓውደሩን።"

"ቦት ጫማ አድርጎ የሚተኛ የለም" አሉ። "እግሩ ይፋቃል። ፓውደሩም ለሙቀቱ ነው። እሱ በሕይወቱ ሳለ እንቢ ይለኝ ነበር፤ አሁን ነው የሚሰማኝ።"

ሆይታክ ቀረበ። የአባቱን ፊት ከዚያ ከቀብሩ ማታ ወዲህ አላየውም። ሳውፋን ትኩር ብላ አየችው። ጠበቀች፤ አንድ ነገር በፊቱ ላይ እስኪያልፍ ጠበቀች። ያለፈው ነገር ስግብግብነት ነበር። ዝልግልጉ ያልለቀቀውን አውራ ጣቱን ወደ ቆርቆሮው ዘረጋ።

"እጅህን" አሉ እናቱ፣ ቆርቆሮውን ወደ ሆዳቸው ስበው።

ሮጦ ሄዶ ታጠበ። ተመልሶ እጁን እንደ ተማሪ ዘርግቶ አሳያቸው። ከዚያም ይጠይቃቸው ጀመር፤ እንዲያ በትሕትና እናቱን ሲያናግር ሳውፋን ሰምታ አታውቅም። ፓውደሩ የቱ ነው? ወረቀቱስ፣ በየስንት ጊዜው ይቀየራል? ጓንቱ ሲወልቅ ከጣት ነው ከአንጓ? እሳቸውም አንድ በአንድ ነገሩት።

"በዓለም አንድ ብቻ ነው እኮ ዪፕ" አለ ሆይታክ። "ሳጥን ባይኖረውም። እማ፣ እዚያ መጦሪያ ይሰርቁብሻል። እዚህ ይቀመጥ። ክፍሉ ተዘጋጅቷል፣ ማሽኑም አለ። እኔ እይዘዋለሁ።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ይኸኛው የቆጡም የብብቱም ወድቆበት፣ አሁን የእናቱን ብብት እየፈተሸ ነው። ሳውፋን ተጸየፈችው። ቃሉ ሌላ የለውም። ከዝልግልጉ፣ ከጠረኑ፣ ከጥጡ የሚብስ አንድ ነገር ፊቷ ቆሞ ነበር፤ እሱም የሷ ባል ነው፤ በዚህ ሰው ፊት "እስቲ ይሁን" ያለችውን ራሷንም በዚያው ተጸየፈች።

"ሌላ ክፍል ለምዶ አያውቅም" አሉ እማማ ዩክላን። "የሚተኛው እኔ በምተኛበት ነው።"

ሆይታክ አሰበ። ሲያስብ ይታያል። ወለሉ ላይ ያለውን ብስባሽ አየ፣ ቆርቆሮውን አየ፣ የእናቱን ጣቶች አየ።

"እንግዲያው ቆዪ" አለ። "እኔ እስክለምደው ድረስ ቆዪ። ካንቺ ሌላ ማን ያውቅበታል?"

ዪፕ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሳውፋን እናቲቱን ማየት አቃታት። ስልኩን አነሳች፣ መጦሪያ ቤቱ ጋ ደወለች።

"የወይዘሮ ዩክላንን አልጋ ለሌላ ስጡት" አለች። "አይ፣ አልታመሙም። ቤታቸው ናቸው። እስክንለምድ ድረስ አይደለም፣ ጭራሽ አይመጡም። መኪናውንም አትላኩ።"

"እሱን እኮ እኔ ነኝ የምወስነው" አለ ሆይታክ።

"በል ወስን" አለችው፤ ሻንጣውን አንስታ ወደ አማቷ ክፍል አስገባችና የቆሸሸውን ሹራብ ባልዲ ውስጥ ነከረችው። ከዚያ መወልወያውን አወጣች።

ዪፕ የረባ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ፣ ሱቄን ሱቄን እያለ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ።

እማማ ዩክላን ቆርቆሯቸውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ሆይታክ ከኋላቸው ተከተለ፤ ጓንቱን ሲያወልቁ ማየት ፈልጎ ነበር። ደፉ ላይ ሲደርሱ ዞረው እግሩን አዩት። ከዚያ ወለሉን፣ ከበሩ እስከ አልጋቸው ያለውን ጥቁር ዱካ አዩ።

"ጫማህን" አሉት።

"እማ፣ አሁን እኮ ሥራ ላይ..."

"ጫማህን አውልቅና ና።"

ወደ መውጫው በር ሄደ። ማሰሪያው በዚያ ዝልግልግ ተጣብቆ አልፈታ ብሎት እያጉተመተመ ታገለው። ሁለቱንም አውልቆ፣ ካልሲውንም ጨምሮ አውልቆ፣ ባዶ እግሩን ሲመለስ የክፍሉ በር ተዘግቷል። ቁልፉ ከውስጥ ሲዞር ተሰማ።

"እማ" አለ፣ አንኳኳ። "አወለቅኩ እኮ።"

ከውስጥ የወረቀት መንኮሻኮሽ ይሰማል። መሳቢያ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

"እማ።"

እንደገና ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ ሳውፋን ከእግሩ አጠገብ ያለውን የራሱን ዱካ ስታጸዳ ቆይታ መወልወያዋን ደገፍ ብላ ቆመች።

"ቀስ በል" አለችው። "አባባ ተኝተዋል።"